ልብ የሚይዘው የተመላለሰበትን ነው
(ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት)

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል የጽሕፈትን ጥቅም ለማስረዳት ሲጠቀስ ኖሯል። እውነትነቱንም የሚጠራጠር የለም፤ ብራና ፍቀውና ቀለም በጥብጠው የጻፉ ባይኖሩ ኖሮ ከቀደመው ዘመን ሥራ ወደ እኛ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ብሂሉን ያቆዩልን ሊቃውንት ራሳቸው 150ውን መዝሙረ ዳዊት ያለ መጽሐፍ የሚያደርሱ፣ የድጓውን ዜማ ከነምልክቱ የሚያውቁ፣ የመጻሕፍቱን አንድምታ ከመምህራቸው አፍ ተቀብለው ለደቀ መዛሙርታቸው በቃል ያስተላለፉ ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል። ጽሕፈትን ያመሰገኑት ቃልን ንቀው አልነበረም።

በእኛ መጻሕፍት አፍላጦን እየተባለ የሚጠራው ግሪካዊው ፕላቶ ደግሞ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ የሌላውን ወገን ሙግት በሶቅራጥስ አፍ ያቀርባል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ቴውት የተባለ የግብፅ አምላክ ጽሕፈትን ፈልስፎ ወደ ንጉሡ ወደ ታሙስ ይቀርብና ይህ ጥበብ የማስታወስ መድኃኒት እንደሆነ ይነግረዋል። ንጉሡ ግን አይስማማም። ሰዎች በውጭ ባለ ምልክት ተማምነው በውስጣቸው ማስታወስን ይተዋሉ፤ ብዙ የሰሙ ስለሆኑ ያወቁ ይመስላቸዋል እንጂ አያውቁም ሲል ይመልስለታል። ፕላቶ ይህን ሙግት ራሱ በጽሑፍ ማቆየቱ የሚያስገርም ነው፤ ያም ሆኖ የንጉሡ ስጋት ከ2,300 ዓመት በኋላ እንኳ አላረጀም።

ይህ ክርክር በስደት ለምንኖር ምእመናን የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የሚያድጉት ከቋንቋቸው ርቀው ነው። ጸሎቱም፣ መዝሙሩም፣ የቅዳሴው ተሰጥዎም፣ የዘመድ አዝማድ ስምና የልደት ቀን ሳይቀር በኪስ ስልክ ውስጥ ተቀምጦላቸዋል። «ሲፈለግ የሚገኝ ነገር በቃል መያዝ ምን ያደርጋል?» ብለው ሲጠይቁን፣ ብዙዎቻችን በቂ መልስ ሳንሰጣቸው «ዝም ብለህ አጥና፣ ዝም ብለሽ አጥኚ» እንላለን። ጥያቄው ግን ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል። ከዚያም ጋር አንድ ጠለቅ ያለ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም ሰው ስለሚያስታውሰውና ስለሚረሳው ነገር በኅሊናው ፊት ተጠያቂ ነውን? ማስታወስ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ከሆነ ተጠያቂነት የለም፤ የሥራ ፍሬ ከሆነ ግን አለ።

የጉባኤ ቤቱ ዘዴ

የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ «ቀለም የሚገባው» እና «ቀለም የማይዘልቀው» እየተባለ ሲለይ እንደ ኖረ እናውቃለን። በዚህ አነጋገር ማስታወስ ከላይ የሚሰጥ ዕድል ይመስላል። ቀለም አልገባ ያላቸው ተማሪዎችም አብሾ የሚባለውን መጠጥ እስከ መጠጣት፣ የዐይነ ልቡናን አስማት እስከ መድገም ይደርሱ ነበር። አብሾ የጠጣ ሰው አእምሮው ሊናወጥ እንደሚችል ራሱ ሕዝቡ ሲናገር ኖሯል፤ ነገር ግን አቋራጭ ፍለጋ አልቀረም። ዛሬም በባዕድ አገር መደብሮች «የማስታወስ ኀይልን ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የክኒን ጠርሙሶች ተደርድረው ስናይ የሰው ምኞት እንዳልተለወጠ እንረዳለን።

የጉባኤ ቤቱ እውነተኛ ጥበብ ግን ከሥርዓቱ ውስጥ ነበር። ንባብ የሚጀምር ሕፃን ያንኑ ምንባብ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ቀን በመጽሐፍ የሚማር ልጅ ማታ መብራት በሌለበት የቃል ትምህርት ይቀበላል፤ መምህሩ ወይም የዘለቀው ተማሪ ይላል፣ ልጁ ተቀብሎ ይላል። ውዳሴ ማርያምን በአንድ ጊዜ የሚሸከም የለም፤ ድርሰቱ ራሱ ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ዳዊቱም ዐሥር ዐሥር መዝሙር እየሆነ በንጉሥ ተከፍሏል። በትርጓሜ ቤትም ጉባኤው ሲበተን ተማሪዎች በየጥላው ሥር ተቀምጠው የሰሙትን አንዱ ጀምሮ ሌላው እየተቀበለ ይከልሱታል። የዘለቀው ላልዘለቀው ያስጠናል፤ በማስጠናቱም የራሱን ያጸናል። በአቋቋም ቤት ደግሞ መቋሚያውና ጸናጽሉ፣ የእግሩ ርምጃና የራስ ዝንባሌው ሁሉ ቃሉን ከሰውነት ጋር ያስተሳስሩታል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ተማሪው የተማረውን ደጋግሞ ከማየት ይልቅ ደጋግሞ ከራሱ ውስጥ እንዲያወጣው ይገደዳል። በጨለማ ውስጥ ዐይን የሚያርፍበት ገጽ የለም፤ ያለው ልብና አፍ ብቻ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ጽሑፉን እንደገና እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ሌሎቹ 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ከልባቸው ለማውጣት የደከሙት 56 በመቶ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል፤ ንጉሥ ታሙስ የፈራውም ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው ምሥጢር የጊዜው አከፋፈል ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት እየደረደረ በራሱ ላይ ብቻ ያደረገውን የብዙ ጊዜ ፈተና ውጤት አቅርቧል። ያጠናነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ እንደሚሸሸን አሳየ። ደግሞም በአንድ ቀን 68 ጊዜ ያለማቋረጥ መደጋገም የሚያስገኘውን ያህል ውጤት፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ መደጋገም እንደሚያስገኝ ተገነዘበ። እኛ ይህንን ስናነብ የቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት አቈጣጠር ትዝ ይለናል። ሚካኤል በየወሩ በ12፣ እመቤታችን በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይዘከራሉ፤ ዐበይቱ በዓላት በየዓመቱ ይመለሳሉ፤ ስንክሳሩ በየዕለቱ ይነበባል። ያልተማረው ገበሬ የቅዱሳኑን ታሪክ ያወቀው መጽሐፍ ገልጦ አይደለም፤ ዘመኑ ራሱ ሊረሳ ሲል እየመጣ ያስታውሰው ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ሮማዊው ቺቸሮ እንደሚተርከው ሲሞኒደስ የተባለው የግሪክ ባለ ቅኔ ከግብዣ አዳራሽ ወጣ እንዳለ ጣራው ተደርምሶ እንግዶቹን ፈጃቸው፤ አስከሬናቸው ሊለይ ባልቻለ ጊዜ እርሱ እያንዳንዱ ሰው የተቀመጠበትን ቦታ በልቡ እየዞረ ማንነታቸውን ለየ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪዎች ነገራቸውን በሚያውቁት ቤት ክፍሎች ውስጥ በሐሳብ እያስቀመጡ ማስታወስን ተማሩ። ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን እያየ፣ በግድግዳው ላይ የተሣሉትን ሥዕላት በተራ እየተሳለመ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴ ስናደርስና ሲያበቃ ሥዕላቱን ጠቅልለን ስንወጣ የጎደለን አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ የልጆቻችን ትዝታ የሚያርፍበት ግድግዳ የለውም።

እንግዲህ ማስታወስ በአብዛኛው የሥራ ፍሬ እንደሆነ መናገር ይቻላል። የተፈጥሮ ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ፣ ትሏ እየወደቀች እንደገና ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይስተዋል የሚቀር ነገር አለ። ትሏ ለያሬድ አዲስ አእምሮ አልሰጠችውም፤ ያሳየችው መመለስን ብቻ ነው።

ልጅ የማያውቀውን ቃል ይያዝን?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ልጄ ትርጉሙን የማያውቀውን የግእዝ ጸሎት እንደ በቀቀን ቢደግመው ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ቀላል አይደለም። ትርጉም ያለው ነገር ትርጉም ከሌለው ይልቅ በቀላሉ እንደሚያዝ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ጉባኤ ቤቱ ንባብን አስቀድሞ ትርጓሜን ያስከተለው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሕፃንነት ጆሮ ዜማንና ቃልን የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ማስተዋል ግን ዕድሜ ሙሉ ይመጣል። በልብ የተቀመጠ ቃል ትርጉሙን የሚጠብቅ ዘር ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በሐዘን ወይም በደስታ ቀን ሊበቅል ይችላል፤ ያልተዘራው ግን አይበቅልም።

ሆኖም ይህ መልስ የሚሠራው ትርጓሜው በእርግጥ የሚከተል ከሆነ ነው። በአገር ቤት ልጁ ዛሬ ያልገባውን ቃል ነገ ከመምህሩ፣ ከአያቱ፣ ከስብከቱ፣ ከጎረቤቱ ልቅሶና ሠርግ ይረዳው ነበር። በዚህ በስደት ግን ያ ሁሉ አስተርጓሚ ቀርቷል። ስለዚህ ቃሉን ሰጥተን ትርጓሜውን ለጊዜ መተው አንችልም፤ በአገር ቤት ጎረቤቱና ሰፈሩ ይሠሩት የነበረውን እኛው ልንሠራው ግድ ነው። ልጁ አንድ መስመር ሲይዝ የዚያኑ መስመር ፍቺ በሚያውቀው ቋንቋ አብሮ ይቀበል። መስመሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። አርጩሜና ቁጣ ግን ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው አይገባም፤ በፍርሃት የተያዘ ጸሎት ሲታወስ ፍርሃቱን ይዞ ይመጣልና።

የወጋ ቢረሳ

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልካም ነገር ነው። አሁን ግን ወደሚከብደው እንሂድ።

ብዙዎቻችን «ዕድሜዬ ገፋ፣ ምንም ነገር አልይዝ አለኝ» እያልን እናማርራለን። እንዲህ የሚል ሰው ግን ከዛሬ 15 ዓመት በፊት በአጥቢያው ጉባኤ ላይ ማን ምን እንደ ተናገረው፣ ማን ከእርሱ ጎን እንዳልቆመ፣ በየትኛው ድግስ ማን ሳይጠራው እንደ ቀረ ቃል ሳያጓድል ሲተርክ እንሰማለን። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን የተወጋው የማይረሳው ቁስሉ ስለሚያመው ብቻ ነውን? ነገሩን በቅርብ ብናየው ሌላ ምክንያትም እናገኛለን።

ቂም የጉባኤ ቤቱን ዘዴ ሁሉ አሟልቶ የያዘ ትምህርት ነው። ማታ በጨለማ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል፣ ያለ መጽሐፍ ከልባችን እያወጣን እንደግመዋለን። ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር ጊዜ እየጠበቅን እንከልሰዋለን። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ለማያውቀውም እናስጠናዋለን፤ በማስጠናታችንም የራሳችንን እናጸናለን። ኤቢንግሃውስ ያዘዘውን አከፋፈል ሳናውቀው ፈጽመናል። ስለዚህ ነው ልጆቻችን «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሳይጨርሱ፣ በደብሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገርና ስለ ምን እንደ ተለያዩ ግን በቃላቸው የያዙት። ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ጎበዝ መምህራንም ሆነናል።

ከዚህ የምንረዳው የማስታወስ ዘዴ በራሱ ደግም ክፉም አለመሆኑን ነው። ልብ የሚይዘው የተመላለሰበትን ነው፤ የምንመላለስበትን የምንመርጠው ደግሞ እኛው ነን። በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለናል። በአንድ ቀን ስለ ደረሰብን ነገር፣ ወይም ሳናስበው ትዝ ስላለን ነገር ተጠያቂዎች አይደለንም። በየቀኑ ተመልሰን ስለ ሄድንበት ነገር ግን ተጠያቂዎች ነን።

«ታዲያ የተገደሉትን፣ የታሰሩትን፣ የተበደሉትን እንርሳ ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሙታን አይረሱም፤ 40 ሲቆጠር፣ ሙት ዓመት ሲደርስ ተዝካር ይወጣል። ተዝካርና ዝክር «ዘከረ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው፤ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ነገር ግን ዝክርና ቂም በሥራቸው ይለያያሉ። ዝክር ቀን አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ይደረጋል፣ ሲያልፍ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ቂም ቀን የለውም፤ ሁልጊዜ ነው። በዝክር እንጀራ ይቈረሳል፣ ድኻ ይጠግባል፤ በቂም የሚጠግብ የለም። ዝክር የሟቹን ስም ይጠራል፤ ቂም ግን የገዳዩን ስም ሲጠራ የሟቹን ይረሳዋል። የተበደለው ወገናችን እንዲታወስ የምንሻ ከሆነ የምንጠራው የማንን ስም እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

መርሳት ጸጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሩሲያዊው የአእምሮ ሐኪም አሌክሳንደር ሉሪያ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሶሎሞን ሼሬሼቭስኪ ስለሚባል ሰው ጽፏል። ይህ ሰው ያየውንና የሰማውን የቁጥርና የቃላት ዝርዝር ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሳያዛባ ይናገር ነበር፤ ችግሩ መርሳት አለመቻሉ ነበር። የፊቱ ከኋላው እየተደራረበበት ሲጨነቅ፣ ሊረሳ የፈለገውን በወረቀት እየጻፈ ወረቀቱን እስከ ማቃጠል ደረሰ፤ በአመዱም ላይ ጽሕፈቱ ይታየው ነበር ይላል ሉሪያ። ሁላችን ለማስታወስ ስንጽፍ እርሱ ለመርሳት ጻፈ። ይቅርታ ማለት ግን ከልብ ላይ ጽሕፈትን በግድ መፋቅ አይደለም፤ ያንን የሚችል ሰው የለም። ይቅርታ ማለት ክለሳውን ማቆም ነው። ያልተከለሰ ነገር፣ ድጓም ቢሆን ቂምም ቢሆን፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

በየቤታችን

ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ በ1881 እ.ኤ.አ. የማስታወስ ኀይል በሕመም ሲዳከም አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ፣ ኋላ የሚጠፋው የጥንቱ እንደሆነ ጽፎ ነበር። እኛም አረጋውያንን ስንጠይቅ ይህንኑ እናያለን። በስደት የተማሩት ቋንቋ ይጠፋቸዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የልጆቻቸውን ፊት ይረሳሉ። ነገር ግን «በስመ አብ» ብለን ስንጀምርላቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በሰባት ዓመታቸው የተቀበሉትን ጸሎት እስከ ፍጻሜው ያደርሱታል። በዚያ ሰዓት ስልክ አይረዳም፤ መጽሐፍም ከትራስ አጠገብ ቢኖር ዐይን አያነበውም። «ሲፈለግ የሚገኝ ነገር መያዝ ምን ያደርጋል?» ለሚሉን ልጆች የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሰው መፈለግ ራሱን የሚረሳበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚኖረን አስቀድመን በውስጣችን ያኖርነው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለየቤቱ የሚሆን ጥቂት ነገር እንጠቁም። አንድ መስመር ወይም ሁለት ይያዝ እንጂ አይብዛ። ከወረቀት በፊት ከአፍ ይሰማ፤ ፍቺውም አብሮ ይነገር። ልጁ ከመጽሐፉ ከማየቱ በፊት ከልቡ ለማውጣት ይሞክር፤ ሲሳሳት አይቆጡት፣ መስመሩን ይስጡትና እንደገና ይበል። በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ይጠየቅ። ሊተኛ ሲል ያጠናው ነገር በእንቅልፍ ውስጥ ይጸናልና የማታው ጊዜ አይባክን። ታላቅ ለታናሽ ያስጠና። ዜማ ያለው በዜማ ይባል። ኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ ቃሉን በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆች እንዲነገር ያዘዘውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ያለው የግማሽ ሰዓት መንገድ ለእኛ የተሰጠን ጉባኤ ቤት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወላጅ አብሮ ያጥና። ራሳችን ያልያዝነውን ከልጆቻችን መጠየቅ ፍርድ ማጓደል ነው። ልጆች የሚይዙት እንዲይዙት ያዘዝናቸውን ሳይሆን እኛ ስንመላለስበት የሚሰሙትን ነው። በቤታችን ደጋግሞ የሚሰማው ምንድን ነው? ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቻችን አጠገባችን ተቀምጠው ሲጀምሩልን እኛ የምንጨርሰው፣ እኛ ስንጀምር እነርሱ የሚቀበሉን ነገር ጸሎት ይሆን ወይስ ክስ? በደላችን ይቅር እንዲባል የምንለምንበት ያ ጸሎት እኛም የበደሉንን ይቅር እንድንል ያስታውሰናል። በቃል የያዘው ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል፤ በደገመው ቁጥርም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያጠና ይጠየቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።